በቅጠሉ ውስጥ ያለው ትል

ለምንናፍቅህ ልጃችን፦

እንደምን ሰነበትክ? እኛ ለክፉ አንሰጥም።

ገብሳችን ላይ ትንሽ ዝንብ እንቁላሏን ጥላበታለች። ትሉ በቅጠሉ ሁለት ቆዳዎች መካከል እየኖረ ውስጡን ይበላል፤ የምንረጨው መድኃኒት አይደርስበትም። እናትህ ትሉ በቅጠሉ ላይ የተወውን ጠማማ ነጭ መስመር አይታ፣ “የልጃችን የአንደኛ ክፍል ጽሕፈት!” ብላ ሳቀች። ስታጨበጭብ የጋብቻ ቀለበቷ ከጣቷ ወልቆ ወደቀ፤ ከገብሱ መሐል ፈልጌ አገኘሁላት።

ሐኪሙ ዘንድ ወስጃት ነበር። ምንም መድኃኒት አላዘዘላትም፤ “ያማራትን ትብላ” አለኝ። እሷ፣ “አየህ መምህር፣ ፈተናውን አለፍኩ!” ትለኛለች። ስህተት ማረም ልማዴ ቢሆንም ይህን አላረምኩም።

ለአጨዳ እመጣለሁ ብለህ ነበር። ገብሱ ለአጨዳ የሚደርስ አይመስለኝም፤ አንተም አጨዳውን አትጠብቅ።

ሦስታችንንም በዓይነ ሥጋ ያገናኘን።

አባትህ