በረዶው ላይ የደረሰኝ ድምፅሽ

እማዬ፣

ከተለየሽን አምስት ወር ሞላ። እስካሁን አላለቀስኩልሽም። ጎረቤቶቻችን ሐዘኑ ወደ ውስጥ ገብቶባት ነው ይላሉ። እህትሽ ፋጡማ ደግሞ ከደሴ እየደወለች ቁርኣን ይቀራብሽ ትለኛለች። ሁሉንም እሺ እላለሁ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራ እገባለሁ። ምንም አይሰማኝም፤ ጥርስ ሊነቀል በመርፌ እንደደነዘዘ ድድ ነው የሆንኩት።

የቤቱን ወሬ ላውራሽ። ሳሊተ ምሕረት ያለው ቤታችን እንዳለ ነው። ፍራሽሽን ለጎረቤት ሰጠነው። ለዒድ እቀይረዋለሁ ብለሽ የገዛሽው መጋረጃ ግን እስከነላስቲኩ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። ላምበረት መናኸሪያ ያለውን ሱቅሽን ታናሽ ወንድሜ ሰኢድ ይዞታል። የደሴ ተሳፋሪ ዛሬም ውሃና ብስኩት ሊገዛ ሲመጣ “እማማ ዘይነባ የት ሄዱ?” እያለ ይጠይቀዋል፤ ሰኢድም ዕቃ የሚፈልግ መስሎ ጀርባውን ይሰጣል። እኔና እሱ እስካለፈው ዓርብ ድረስ አንድ ቤት እያደርን አንነጋገርም ነበር። እሱ ሲበላ እኔ ክፍሌ ነበርኩ፣ እኔ ስበላ እሱ ሱቅ ነበር። ጥፋቱ የእሱ ነው ብዬ ለሰው ሁሉ ስናገር ከርሜአለሁ። የምጽፍልሽም ለዚህ ነው።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ “በረዶ ቆፍራ ሬዲዮ የምትቀብረው ልጄ” እያልሽ ደንበኞችሽ ፊት ትቀልጂብኝ ነበር። አንድ ቀን ሱቁ ደጃፍ ተቀምጠን ኒውትሪኖ ምን እንደሆነ ላስረዳሽ ሞከርኩ። ከሰማይ ጥግ የሚመጣ፣ በተራራውም በእኛም ሰውነት አልፎ የሚሄድ፣ ማንንም የማይነካ ቅንጣት ነው አልኩሽ። ከኃይለኞቹ አንዱ በስንት ጊዜ አንዴ በረዶ ውስጥ ይጋጭና ከዓይን ጥቅሻ በጣም ያጠረ የሬዲዮ ሞገድ ይረጫል፤ ደቡብ ዋልታ ድረስ ሄደን ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ አንቴና የምናወርደው ያንን ለመያዝ ነው። “እስካሁን ስንት ያዛችሁ?” አልሽኝ። አንድም፣ አልኩሽ። እንባሽ እስኪፈስ ሳቅሽ፤ “እኔ ብሆን እንዲህ ያለውን ገበያ ዘግቼ እገባ ነበር” አልሽ።

ያልነገርኩሽ ነገር፣ የሥራዬ ትልቁ ክፍል መጠርጠር ነው። አንቴናው ቀኑን ሙሉ ድምፅ ይገባበታል፤ የበረዶ መኪናው፣ አውሮፕላኑ፣ የሠራተኛው መነጋገሪያ ሬዲዮ፣ ነፋሱ ሳይቀር። ደስ የሚል ምልክት ሲመጣ መጀመሪያ የምንጠይቀው፣ በዚህ ሰዓት፣ ከዚህ አቅጣጫ እንዲህ ያለ ነገር ሊመጣ ይችላል ወይ ብለን ነው። ትንሽ ካጠራጠረን እንጥለዋለን።

ታኅሣሥ ላይ፣ እዚያ እያለሁ፣ ስልክሽ መነሳት አቆመ። ኢንተርኔት የምናገኘው በቀን ለጥቂት ሰዓት ነበር። ሰኢድ ጉንፋን ይዟት ተኝታለች አለኝ። በማግስቱም ተኝታለች አለኝ። በሦስተኛው ቀን ድምጿን ካልላክህልኝ ብዬ ተቆጣሁት። ላከልኝ። “ደህና ነኝ፣ ጉንፋኑ ለቆኛል፣ አታስቢ፣ ሥራሽን ሥሪ” ትያለሽ። ክረምት ላይ ለፋጡማ የላክሽው መልእክት እንደነበር የነገሩኝ በኋላ ነው። ድምፅሽ ሲደርሰኝ አንቺ ከተቀበርሽ አራት ቀን ሆኖሽ ነበር።

ግን እማዬ፣ ከድምፅሽ ኋላ ዝናብ ነበር። የሱቁን ቆርቆሮ የሚደበድብ የሐምሌ ዝናብ፣ በታኅሣሥ፣ ላምበረት! በጆሮ ማዳመጫው ጥርት ብሎ ሰማሁት። ከዚያ ባነሰ ጥርጣሬ ስንትና ስንት ምልክት የጣልኩ ሰው፣ ይህንን ተቀበልኩ። ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ ይሆናል አልኩና “አልሐምዱሊላህ” ብዬ መለስኩለት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ወጥቼ አንቴና ማውረዴን ቀጠልኩ። መልእክቱን ደግሜ አልከፈትኩትም። ከዚያ ወዲያ ለሰኢድ ስጽፍ “ሰላም ናችሁ?” ብቻ ነበር የምለው፤ አንቺን ለይቼ አልጠየቅኩም። አምስት ሳምንት ሙሉ።

ስመለስ ዘመዶች ከቦሌ ተቀብለው አትላስ አካባቢ ያለው የፋጡማ ልጅ ቤት አሳደሩኝ። ሲነጋ ሽማግሌዎች ገቡ። ራሴን እንዳልጎዳ ፋጡማ ከኋላዬ እቅፍ አድርጋ ይዛኛለች። ሲያረዱኝ አልጮህኩም። ደንግጣ ነው ተባለ። አልደነገጥኩም። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ሰኢድን በዓይኔ ፈልጌ “የእናቴን ድምፅ ለውሸት ተጠቀምክበት” አልኩት። አንገቱን ደፋ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቀና ብሎ አይቶኝ አያውቅም ነበር።

ባለፈው ዓርብ ከጁምዓ እስኪመለስ ጠብቄ እውነቱን ነገርኩት። ዝናቡን ሰምቼው ነበር፣ እያወቅኩ ነው ያላወቅኩት፣ አልኩት። ከዚያ ስልክሽን አወጣ፤ እስካሁን ቻርጅ ያደርገዋል። ለፋጡማ የላክሻቸውን መልእክቶች አንድ በአንድ አሰማኝ። ብዙዎቹ ጸጥ ያሉ ናቸው።

“ዝናብ የሌለበት ሞልቷል” አለኝ። “ሽማግሌዎቹ እንዳትነግራት ብለው አስምለውኛል። አንቺ ግን ዝናቡን እንደምትሰሚ አውቄ ነው እሱን የመረጥኩት። ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር። ስልኩን ይዤ ስጠብቅሽ ነበር።”

እንባ አልመጣም፤ አልዋሽሽም። እጁን ግን ያዝኩት፣ ምሳም አብረን በላን። ወንድሜን ይህን ያህል ጊዜ ብቻውን ስላስቀመጥኩት አፍሬአለሁ።

አልረሳሽም፣ እማዬ። ሰደቃሽን በየዓመቱ ከሰኢድ ጋር ሆነን እናወጣለን። መርዶሽን የት ሰማሽ ብሎ ለሚጠይቀኝም ከእንግዲህ ሽማግሌዎቹን አልጠራም። ደቡብ ዋልታ፣ በረዶ ላይ፣ እላለሁ። ያረዳኝ ወንድሜ ነው። አልሰማሁም ያልኩት እኔ ነኝ።

ልጅሽ ዘሀራ