«ቆዪ» ያለችው ሐኪም

ለምወድሽ ለታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ወገብሽ ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ጎንበስ ስትዪ ይይዝሻል? ባልሽ ጋሼስ፣ እማዬስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አካሌ ደህና ነው። ልቤን ግን ደህና ነው ብዬ አልዋሽሽም። መደወል እየቻልኩ ደብዳቤ የጻፍኩት፣ ድምፅሽን ከሰማሁ ፈርቼ እንደማልጨርሰው ስለማውቅ ነው። ደግሞ አንቺ ታቋርጪኛለሽ። እባክሽ ቁጭ ብለሽ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

የልጆች ሐኪም ከሆንኩ በኋላ ለዚህ ፌሎውሺፕ ለሚሉት ሥልጠና ስመጣ «ደግሞ ምን ቀረሽ?» ብለሽ ስቀሽብኝ ነበር። የቀረኝማ ማየት ነው። እዚህ የምማረው ልጅ እንዴት እንደሚያድግ፣ እንዴት እንደሚጫወት፣ ከሰው ጋር እንዴት እንደሚግባባ ቁጭ ብሎ ማየት ነው። የምሠራበት ክፍል ምንጣፍ፣ ዝቅ ያለች ጠረጴዛና የመጫወቻ ሣጥን አለው። አንዱ ግድግዳ መስታወት ነው፤ ከወዲያ ማዶ አስተማሪያችን ተቀምጠው ያዩኛል፣ እኔ አላያቸውም። ጠና ያሉ ሴት ናቸው። እኛ ሠልጣኞቹ በሌሉበት «አየሽ ወይ» እያልን ነው የምንጠራቸው፤ ወረቀታችን ላይ ምልክት ባደረግን ቁጥር አየሽው ወይስ ነገሩሽ ብለው ስለሚያፋጥጡን። እናትየዋ ቤት ውስጥ ይናገራል ስላለች ብቻ «ይናገራል» ብዬ ከጻፍኩ፣ ወረቀቱ ተመልሶ እጄ ላይ ነው።

ከትናንት ወዲያ ማክሰኞ እያንዳንዳችን ምንም ችግር የሌለበትን ልጅ አጭር ቪዲዮ ይዘን እንድንመጣ ታዘን ነበር። ደህናውን ካላወቃችሁ ጉድለቱን አታውቁትም ይላሉ። እኔ ማንን አሰብኩ? ትንሿን ልጅሽን፣ ጭምቴን! ወለሉ ላይ ተቀምጣ የድስት ክዳን የምታሽከረክርበትን፣ አንቺ የላክሽልኝን ቪዲዮ ይዤ ሄድኩ። ሳልጠይቅሽ ለሰው በማሳየቴ ይቅር በይኝ፤ የማን ልጅ እንደሆነች አልተናገርኩም። ኩራቴን ግን ብታዪው! ሁለት ዓመት ከስምንት ወሯ ነው፣ አታለቅስ፣ አታስቸግር፣ እንደሷ ያለ ልጅ የለም ብዬ ለፈፍኩ።

ቪዲዮው ሲጀምር ሁሉም ፈገግ አሉ። ጥቂት ቆይቶ አጠገቤ ያለው ሠልጣኝ ወረቀቱ ላይ ምልክት ሊያደርግ እርሳሱን አነሳ። ቀጥሎ ሌላዋም አነሳች። እታለም፣ ያኔ እኔም እንደ እነሱ ማየት ጀመርኩ። አንቺ ስልኩን ይዘሽ፣ ወፏን እያት፣ መስኮቱ ላይ እያት እያልሽ ሦስት ጊዜ ትጣሪያለሽ። እሷ ቀና አትልም። ክዳኑ ሲቆም ባዶውን እጅሽን ይዛ ክዳኑ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ ፊትሽን ግን አታይም። ይህን ቪዲዮ ሃያ ጊዜ አይቼዋለሁ። ሃያውንም ጊዜ ያየሁት ጉንጯን ነው።

ሲያልቅ አስተማሪያችን ይህቺ ልጅ ታይታለች ወይ ብለው ጠየቁኝ። አልታየችም አልኩ። ለምን ቢሉኝ፣ እናትየዋ ጠይቃ ነበር፣ ሐኪም ነው ቆዪ ያላት አልኩ። የትኛው ሐኪም ነው ልጅቷን በዓይኑ ሳያይ ቆዪ ያለው ብለው ተቆጡ። አንገቴን ደፍቼ አላውቀውም አልኩ። ዋሸሁ፣ እህቴ። እኔ ነኝ።

ያን ቀን ታስታውሺዋለሽ? ዓመት ሊሞላው ነው። የጎረቤት ልጅ እንደ ትልቅ ሰው ታወራለች፣ የኔዋ ግን አራት ቃል ብቻ ብለሽ ደወልሽልኝ። እኔ ለሥራ እየሮጥኩ ደረጃ ላይ ቆሜ፣ አንቺም ሦስት ዓመት እስኪሞላሽ አፍሽን አልፈታሽም ነበር አሉ፣ አሁን ማን ያስቆምሻል ብዬ አሳቅኩሽ። ምንም የላትም፣ ቆዪ አልኩሽ። ጭምት ብዬ ስም ያወጣሁላትም እኔው ነኝ፤ ምን በወጣኝ! ከዚያ ወዲህ አንቺ በሰጋሽ ቁጥር ጋሼ፣ ሐኪሟ እህትሽ ምንም የላትም ብላለች፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እያለ እንደሚመልስሽ ነግረሽኛል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ የለ? የገዛ ቃሌ ደጃችሁ ላይ ተቀምጦ ልጅቷን አላሳልፍ አለ።

እፈራለሁ። ሁለቱን ሌሊቶች እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ኦቲዝም ነው ልትዪኝ ነው ብለሽ እንደምትጠይቂኝ አውቃለሁ። አላውቅም፣ እታለም። ጆሮዋ ሊሆን ይችላል፣ ሌላም ሊሆን ይችላል። ከቪዲዮ ተነስቼ «አላት» ብልሽ፣ ከስልክ ተነስቼ «የላትም» ያልኩሽን ጥፋት መድገም ነው። የሚያስፈራኝ ስሙ ሳይሆን ጊዜው ነው። እዚህ በሁለት ዓመታቸው የመጡትንም በስድስት ዓመታቸው የመጡትንም አያለሁ፤ የኋለኞቹም ይረዳሉ፣ ግን ዳገቱ ይበረታባቸዋል። ከዚያ ላይ አንድ ዓመት የበላሁባት እኔ ነኝ። አንቺ ምንም አላጠፋሽም፤ ጠይቀሻል። ተቀየሚኝ፣ መስደብም ካማረሽ ስደቢኝ፣ በእሱ አንደኛ ነሽ። ብቻ ተቆጥተሽ ደብዳቤውን እንዳትጥዪው።

ትናንት አስተማሪዬ ቢሮ ገብቼ፣ ያ ሐኪም እኔ ነኝ፣ ልጅቷም የእህቴ ልጅ ናት አልኳቸው። ይጮሁብኛል ብዬ ስጠብቅ ወንበር ሳቡልኝና፣ አሁን ማልቀሱን ተዪውና ወረቀት አምጪ አሉኝ። ከደብዳቤው ጋር ያለው እሳቸው የፈረሙበት የሪፈር ማስተላለፊያ ወረቀት ነው። እዚያ እናንተ ጋ ትልቁ ሆስፒታል፣ ልጆች ክፍል ይዘሽው ሂጂ። መጀመሪያ ጆሮዋን፣ ቀጥሎ ዕድገቷን ይዩላት። ተራው ሩቅ ነው ቢሉሽም ሳታስመዘግቢያት እንዳትመለሺ። ስታድግ ይተዋታል የሚል ሐኪም ቢገጥምሽ እንደኔ ያለ ነውና አትስሚው። እኔ እስክመጣ አትጠብቂ።

ጋሼን ሰላም በይልኝ፤ ይችን ደብዳቤ አንብቢለት፣ ምንም የላትም ያለችው ሐኪም ቃሏን አንስታለች በይው። ትልቁን ልጅሽን ግንባሩን ሳሚልኝ፣ ለፈተናው ይበርታ። ለትንሿ መልእክት የለኝም፤ በእኔ ፈንታ ወለሉ ላይ አጠገቧ ቁጭ በይላት። እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ልጅቷ ገና ዓመት ሳይሞላት «ይቺ ልጅ አታየኝም» ስትል፣ ዓይንሽ ደክሞ ነው ብዬ መነጽር ያሳዘዝኩላት እኔ ነኝ። «ዓይንሽ ደህና ነበር» በያት።

ታናሽ እህትሽ

ከሆስፒታሉ የሠልጣኞች ማደሪያ
ሐሙስ፣ ኅዳር 18 ቀን