ሲንግል ብለሽ ጻፊ

አሌክሳንድሪያ፣ የካቲት 2 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለልጆቼ አባት ለኃይለልዑል፣

እንደምን ከረምክ? ዴንቨር በረዶው ከባድ ነው ይባላል። እኛ ደህና ነን። ትርሲት በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ እየመለሰች ትከራከረኛለች። አንተን የመሰለችው በክርክሩ ነው።

ሆቴል ውስጥ ክፍል የማጽዳት ሥራ እንደያዝኩ ታውቃለህ። አዲስ የገባ ሰው የሚሞላውን የታክስ ወረቀት ይዤ ኮል ሳደርግልህ ያልከኝን አንተ ረስተኸው ይሆናል፤ እኔ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «የታክስን ነገር ለእኔ ተዪው። ሲንግል ብለሽ ጻፊ፤ ልጆቹን አትቁጠሪ።» ባል ያላት ሴት እንዴት ሲንግል ትላለች ብልህ ሳቅክብኝ። «ገንዘብ ሚኒስቴር ያን ሁሉ ዘመን የሠራሁት ለጌጥ መሰለሽ?» አልከኝ። ሰው አገሩን ሲለቅ ሥልጣኑን ጥሎ ይወጣል። አንተ ወንበሩን እዚያ ትተህ የአለቃ ድምፅህን ብቻ ይዘህ መጣህ፤ እኔም ለድምፁ ታዘዝኩ።

ቼኩ ሲመጣ አብራኝ የምትሠራው ባዩሽ የእሷን አሳየችኝ። ሰዓታችን እኩል ነው፤ እሷም እንደኔ የሁለት ልጆች እናት ናት። ከኔ ግን ለታክስ ብዙ ቆርጠውብኛል።

«ልጆችሽን አልጻፍሽም እንዴ?» አለችኝ።

«አባታቸው አትጻፊ ብሎኝ ነው።»

«እሱ ጽፏቸዋላ» አለች አንሶላዋን እያጠፈች። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።

አላመንኳትም። እዚሁ ስካይላይን ሰፈር ለሚኖረው ጓደኛህ ለበፍቃዱ ደወልኩለት። የደበቅከው ነገር መሆኑን የዋሁ አላወቀም። «አዎ፣ ዴንቨር ሥራ ሲጀምር ሁለቱንም ጽፏል። ከቼኩ ብዙ አይቆርጡበትም። ለኔም እንደሱ አድርግ ብሎኛል» አለኝ።

እንግዲህ እነዚህን ልጆች በወረቀት ላይ ስታሳድጋቸው ከርመሃል። የትንሿን ልጅህን የቤዚን የጫማ ቁጥር ብትጠየቅ አታውቅም፤ ለታክስ የሚሞላውን የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሯን ግን በቃልህ ይዘሃል። ሌላ ሴት ይዞ ይሆናል ብዬ የተቃጠልኩባቸው ቀኖች ነበሩ። አሁን ሳስበው እሱ ይሻልህ ነበር። ቢያንስ ሰው ሰምቶ ይገባዋል።

ሰኞ ፈቃድ ጠይቄ ደመወዛችንን የሚሠራው የኩባንያው ፔይሮል ቢሮ ወዳለበት ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ሄድኩ። አብረን በኖርንበት ቤት በኩል ሳልፍ ዞር ብዬ አላየሁትም። ቢሮው ውስጥ ያለችው ሴትዮ ወረቀቴን አውጥታ መነጽሯን ዝቅ አደረገች።

«አግብተሻል?»

«አዎ።»

«ባልሽ አብሮሽ ይኖራል?»

ለሰው ሁሉ የምለውን አልኳት፤ «ለሥራ ሄዶ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ካለፈው ፋሲካ በፊት።»

«መቼ ይመለሳል?»

«አላውቅም» አልኩ። ይህን ቃል ከአፌ ሳወጣው የመጀመሪያዬ ነበር። አንተ ቅር እንዳይልህ፣ ልጆቹም እንዳይሰሙ፣ ስውጠው ነበር የከረምኩት።

«የቤቱን ኪራይና የልጆቹን ቀለብ የሚችለው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው በሕጉ የቤቱ ኃላፊ አንቺ ነሽ» አለችና አዲስ ወረቀት ሰጠችኝ። ሁለቱንም ልጆች በገዛ እጄ ጻፍኳቸው። አልቅሳ ወጣች ብለህ እንዳትደሰት፤ አላለቀስኩም። ራበኝና ሳንድዊች ገዝቼ ባቡር ጣቢያው ደጃፍ ላይ ቆሜ በላሁ።

አንተም የራስህን ቶሎ አስተካክል። ሁለታችንም ከጻፍናቸው የታክስ መሥሪያ ቤቱ መጠየቁ አይቀርም፤ ሲጠይቅ ደግሞ የሚያየው ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚያድሩ ነው። ገንዘብ ሚኒስቴር ሠርቻለሁ ብለህ እንዳታስረዳቸው። እኔ ስለማውቅህ እችለዋለሁ፤ እነሱ ይስቁብሃል።

ትርሲት ሰላም በይልኝ አላለችም፤ ብላለች ብዬ አልዋሽህም። ቤዚ የፊት ጥርሷ ወልቆ ለአባቢ እንልካለን ብላ ፖስታው ውስጥ ልትከተው ነበር፤ ከለከልኳት። ሳታየው የምትጥለው መሰለኝ።

እመቤቴ ከዚያ በረዶ ትሰውርህ፤ ጤናም ልብም ትስጥህ።

የምትመለስ ከሆነ ከወዲሁ ንገረኝ። ወረቀቱ እንደገና መስተካከል አለበት።

የወይንሐረግ