የዶክተር ኡራይዋን ቡንሎት የሕይወት ታሪክ፣ ስህተታቸውም ሳይቀር

ዶክተር ኡራይዋን ቡንሎት ከአባታቸው ከአቶ ሎም ቡንሎትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቲም ሳኑዋን እ.ኤ.አ. ጁን 3 ቀን 1954 ከባንኮክ በስተደቡብ በምትገኘው በፔቻቡሪ፣ ዘንባባ በበዛባት መንደር ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። ሲወለዱ በጣም ትንሽ ስለነበሩና ድምፃቸው ከአካላቸው ስለበለጠ ቤተሰቡ «ኮፕ» አላቸው፤ እንቁራሪት ማለት ነው። ይህን ታሪክ የጻፈው ታናሽ ወንድማቸው ዊሮት ግን ዕድሜውን ሙሉ «እትዬ» ከማለት አልወጣም።

አባታቸው በማለዳ ዘንባባ ላይ እየወጡ በቀርከሃ የተጠራቀመውን ጭማቂ ያወርዱ ነበር፤ እናታቸው አፍልተው ስኳር ያደርጉታል። አንዳንድ ቀን ጭማቂው ኮምጥጦ ይገኛል። ዶክተር ኡራይዋን በልጅነታቸው ዛፉን ሲያማርሩ አባታቸው «ዛፉን ተይው፣ ኮፕ። መጀመሪያ ቀርከሃውን አሽትቺው» ይሏቸው ነበር። ያልታጠበ ቀርከሃ የስንቱን ዛፍ ስም ያጠፋል። ይህችን ምክር እትዬ በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ብቻ ረሷት።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በፔቻቡሪ አጠናቀው በ1972 ባንኮክ ከሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። በ1980 ወደ አውስትራሊያ ተጉዘው፣ ሰውነት በሽታን ስለሚከላከልበት መንገድ አጥንተው፣ በ1985 በዶክትሬት ዲግሪ ተመለሱና በተማሩበት ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆኑ። በ1986 ከኢንጂነር ቴርድ ጋር ትዳር መሥርተው በ1988 ልጃቸውን ፒምላዳን ወለዱ። ባለቤታቸው በ2001 በሞት ተለይተዋቸዋል።

ዕድሜያቸውን የሰጡት ለአንድ ጥያቄ ነው፦ በደማችን ውስጥ ያለው፣ ቲ ሴል የሚባለው ጠባቂ እንዴት ይነቃል? ይህ ጠባቂ ጠላቱን ስላየ ብቻ አይነሳም። ከጎኑ ያለ ሌላ ሴል «አዎ፣ ይኸው ነው፣ ተነስ» የሚል ሁለተኛ ምልክት ሊሰጠው ይገባል። የመጀመሪያውን ብቻ ካገኘ ፈዞ ይቀራል። በ1996 ዶክተር ኡራይዋን ያለ ሁለተኛው ምልክት የሚነቁ ቲ ሴሎች አገኘሁ ብለው ጻፉ። ስማቸው ከአገር አገር ዞረ። ሽልማት መጣ፤ የመንደራችን ገዳምም ፎቶግራፋቸውን በሩ ላይ ሰቀለ።

ሴሎች በቤተ ሙከራ የሚኖሩት ከጥጃ ደም የተጣራ ፈሳሽ እየተሰጣቸው ነው። ፈሳሹ ከምርት ምርት ስለሚለያይ፣ የሙያው ሰዎች አንዱ ሲስማማቸው ከዚያው ምርት ብዙ ገዝተው በማቀዝቀዣ ያኖራሉ። ዶክተር ኡራይዋንም ስልሳ ጠርሙስ አኖሩ። ለዓመታት የሠሩት ሁሉ በእነዚያ ስልሳ ጠርሙሶች ነበር።

በ1998 ራምፓ የምትባል ከሩቁ ከኡቦን ክፍለ ሀገር የመጣች ዝምተኛ ተማሪያቸው፣ የማቀዝቀዣው ቁልፍ ጠፍቶባት ከጎረቤት ቤተ ሙከራ ጠርሙስ ተዋሰች። ሴሎቹ አልነቁም። ሦስት ጊዜ ደገመችው፤ እንቢ አሉ። አስተማሪን «ተሳስተዋል» ማለት በእኛ ዘንድ ነውር ነውና አንገቷን ደፍታ «አጃን፣ ምናልባት… ጠርሙሱ ይሆን እንዴ?» አለቻቸው። አጃን የኔታ እንደማለት ነው።

«ጠርሙሱ ምን አደረገሽ? እጅሽ ነው» አሏት፣ በሰው ፊት።

ቤተ ሙከራው ሳቀ። ራምፓ በዓመቱ ዲግሪዋን ሳትጨርስ ወደ ኡቦን ተመልሳ በአንድ ሆስፒታል ደም ባንክ ተቀጠረች።

በ2004 ስልሳኛው ጠርሙስ ሊያልቅ ሲል አዲስ ተገዛ። ሴሎቹ ተኙ። ዶክተር ኡራይዋን ሦስት ወር ሙሉ በገዛ እጃቸው ሞከሩ፤ አልሆነም። በመጨረሻ ከአሮጌው ጠርሙስ የቀረችውን ጠብታ ሲያስመረምሩ የባክቴሪያ ቅሪት ተገኘባት። በመሞከሪያው ሳህን ላይ ከቲ ሴሎቹ ተለይተው ሳይወገዱ የቀሩ ጥቂት ሌሎች ሴሎች በዚያ ቅሪት እየተቆጡ፣ ሁለተኛውን ምልክት ሲሰጡ ኖረዋል። ያን ቀን ለወንድማቸው ደውለው «ዊሮት፣ ቀርከሃውን ሳላሸት ስምንት ዓመት ዛፉን ሳመሰግን ኖርኩ» አሉት። ቀጥለውም «ልጅቷ ነግራኝ ነበር» አሉ።

ባልደረቦቻቸው «ማን ጠየቀሽ? ጡረታሽ እኮ አሥር ዓመት ነው የቀረው፣ ተይው» አሏቸው። አልተዉትም። በ2005 ጽሑፋቸውን በይፋ ሰረዙ፤ ስህተቱን በ1998 ቀድማ ያየችው ራምፓ እንደሆነችም በስሟ ጻፉ። ሽልማቱን መለሱ። ሊያገኙት የነበረው የፕሮፌሰርነት ማዕረግ በዚያው ቀረ። ገዳሙ ፎቶግራፉን አወረደው። ዊሮት ያኔ ተቆጥቷቸው እንደነበር አይክድም፤ የመንደሩ ሰዎች ስሙን ትተው «የእንቁራሪቷ ወንድም» እያሉ ሲዘባበቱበት ከርመዋልና።

ለራምፓ ደብዳቤ ጻፉ፤ መልስ የለም። በዓመቱም ጻፉ፤ መልስ የለም። በዘመን መለወጫችን ታናሽ በታላቁ እጅ ላይ ውሃ አፍስሶ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ታላቅ በታናሽ እጅ ላይ ሲያፈስ ታይቶ አይታወቅም። በ2008 ዘመን መለወጫ ግን እትዬ አበባ የተነሰነሰበት ውሃ በብር ጎድጓዳ ሳህናቸው ይዘው፣ ዊሮትን አስከትለው ኡቦን ወረዱ። ባቡር ላይ «እጅሽ ነው ያልኳት እኔ ነኝ። እጇ ላይ ነው የማፈሰው» ይሉ ነበር። በደም ባንኩ ኮሪደር ከጠዋት እስከ ማምሻ ተቀመጡ። «ሥራ ላይ ነች» ተባሉ። የአበባው ቅጠል ውሃው ላይ ጠወለገ። ሲመለሱም ውሃውን አልደፉትም፤ ሳህኑን ጭናቸው ላይ እንዳቀፉ ባንኮክ ገቡ። ዊሮት እህቱ እንደዚያ ቀን አርጅተው አይቷቸው አያውቅም።

በ2014 ጡረታ ወጡ። በ2017 የሳንባ ካንሰር ተገኘባቸው። ሐኪሞች ቲ ሴልን የሚቀሰቅስ መድኃኒት ሁለት ጊዜ ሰጧቸው፤ አልረዳም። «የኔዎቹ ሴሎች እኔን አያምኑኝም፤ እውነታቸውን ነው» ብለው ቀለዱ፤ ሳቁ አላልቅ ብሎ ወደ ልቅሶ ዞረ። ከዚያ ዊሮትን «ታሪኬ ሲነበብ ጠርሙሱን እንዳትዘለው፣ አደራ» አሉት። በተወለዱ በ64 ዓመታቸው ኖቬምበር 11 ቀን 2018 ዐረፉ።

ልጃቸው ፒምላዳ ረቂቁን ስታይ «አጎቴ፣ ሰው ያወራው አነሰና አንተ ደግሞ አሳትመህ ልታነበው ነው? እናቴ ሌላ ምንም አልሠራችም?» ብላ አለቀሰች። እውነቷን ነው፤ እናቷ ሠላሳ ስምንት ተማሪዎችን ለዶክትሬት አብቅተዋል። ዊሮት ግን አደራ መብላት አልሆነለትም።

አስከሬናቸው ሣጥን ውስጥ ከመግባቱ በፊት ለቀስተኛው እንደ ልማዳችን በቀኝ እጃቸው ላይ ተራ በተራ የአበባ ውሃ አፈሰሰ። ከሰልፉ መጨረሻ ፀጉሯ ሸበት ያለ ሴት ቆማ ነበር። ራምፓ ነበረች። በአንድ እጇ ውሃውን በመዳፋቸው ላይ አፈሰሰች፤ ሌላኛውን እጇን ግን ከመዳፋቸው ሥር ዘረጋች። ከአስተማሪዋ ጣቶች የወረደው ውሃ በእሷ እጅ ላይ ፈሰሰ።

«ያን ቀን በመስኮት አይቻቸው ነበር» አለችው ለዊሮት። «ሳህኑን ታቅፈው ሲወጡ።»

እጇን ሳትጠርግ ሄዳ ከኋላ ተቀመጠች።

ዶክተር ኡራይዋን ቡንሎት አንዲት ሴት ልጅ፣ አንድ ወንድምና ሠላሳ ዘጠኝ ተማሪዎችን ትተው አልፈዋል። ሠላሳ ስምንት የነበረውን ቁጥር ሠርዛ ሠላሳ ዘጠኝ ያደረገችው ልጃቸው ፒምላዳ ናት። በጎ ሥራቸው ወደ መልካም ስፍራ ያድርሳቸው፤ የበደሉትን ውሃው ይውሰድላቸው።