ለመርማሪ ቢሰጥ የሰጠነው ስም ይመለስልን

ይድረስ ለተከበሩት የተከታታይ ድራማና ፊልም ዝግጅት ክፍል ኃላፊ
አዲስ አበባ

ጓድ ኃላፊ ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኛ የዱብቲ ተመልካቾችዎ ሙቀቱ፣ ትንኙና ባለፈው እሑድ ያሳዩን ፊልም በየተራ ቢፈትኑንም ይኸው እስከ ዛሬ ቆመን እንሄዳለን።

ስሜ ሣህሌ ይባላል፤ የጥጥ እርሻው መዝገብ ቤት ጸሐፊ ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ማክሰኞ ማክሰኞ በሠራተኞች ክበብ ቴሌቪዥን «የማይዘጋው ዶሴ» የተሰኘውን የወንጀል ድራማችሁን ስንከታተል ኖረናል። መርማሪ ቢሰጥ ጫማው የተንሻፈፈ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ፣ ልጅ የጠፋባት እናት ቤት ሲገባ ባርኔጣውን አውልቆ መሬት ላይ የሚቀመጥ ሰው ነበር። የጠፋውን ሰው ሳያገኝ የቀረበት ማክሰኞ ትዝ አይለንም። አሁን ደግሞ የዚህን ሰው ወጣትነት የሚያሳይ «ቢሰጥ ከመነሻው» የተባለ ፊልም ሠርታችሁ፣ በተንቀሳቃሽ ሲኒማ መኪና ክበባችን ድረስ ስላመጣችሁልን ምስጋናችን ወሰን የለውም። ቅሬታችን ጥቂት ነው።

አንደኛ፣ ወጣቱ ቢሰጥ ከምናውቀው ጎልማሳ ቢሰጥ በአንድ ራስ ይረዝማል። ሰው በዕድሜ እንደሚያጥር ስላስተማራችሁን እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፣ ፊልሙ አንድ ሰዓት ተኩል ሲፈጅ ሃምሳው ደቂቃ ስብሰባ ነው። ስብሰባ እዚህም በሽ በሽ ስለሆነ ከአዲስ አበባ ድረስ ተጭኖ ባይመጣብን አንቀየምም ነበር።

ሦስተኛውን ለመጻፍ እጄ እሺ አላለኝም። በፊልማችሁ ቢሰጥ አዲስ የቆዳ ጃኬት ለብሶ፣ በላንድሮቨር እየዞረ፣ ከያዘው ዝርዝር ስም እየጠራ ልጆችን ከየቤታቸው ያስወጣል። አንዲት እናት የመኪናውን በር ይዛ ስትለምነው መስታወቱን ይዘጋል። ሙያውን የተማረው እንዲህ ነው ብላችሁናል።

ይህን ከተመለከቱት መካከል ወይዘሮ ሀምዳ የሚባሉ ከሰርዶ በኩል የመጡ የአፋር እናት ነበሩ። በዚህ አገር ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ዳጉ ይቀባበላል፤ ያየውንና የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ይናገራል፣ ሰሚውም ለሚቀጥለው እንዲሁ ያደርሳል። ከእርሻው ሠራተኞች አንዱ ድራማውን አይቶ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የጠፋ ሰው እየፈለገ የሚያገኝ ቢሰጥ የሚባል መርማሪ አለ ብሎ ለአንድ መንገደኛ ነገረው። ወሬው ሰርዶ ሲደርስ አንድ ቃል አልጎደለበትም፤ ነገሩ ድራማ መሆኑን ግን ከመጀመሪያውም የተናገረ አልነበረም። ወይዘሮ ሀምዳም ሰሙ። የበኩር ልጃቸውን ናስርን በ1970 ዓ.ም. ታጣቂዎች ከገበያ መሀል ይዘውት እንደሄዱ አልተመለሰም፤ ደጅ ያልጠኑበት መሥሪያ ቤት የለም፣ የት እንዳለ የነገራቸውም የለም።

አምና እኔ ዘንድ መጥተው ለቢሰጥ ደብዳቤ ጻፍልኝ አሉኝ። ሰውየው ተዋናይ ነው እንዳልል ዐይናቸውን አየሁና ብዕሬን አነሣሁ። የናስርን ስም፣ ጎሳውን፣ ግንባሩ ላይ ያለችውን ጠባሳ፣ ከዚያም ምስክር ይሆናሉ ብለው የነገሩኝን የሁለቱን ታናናሽ ወንድሞቹን ስምና የሚገኙበትን ቦታ ጽፌ በእናንተ አድራሻ ላክሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አልክድም። ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ በመጣ ቁጥር በጭነት መኪና እየተሳፈሩ መጥተው፣ ከፊት ተቀምጠው፣ ቢሰጥ ናስርን አገኘሁት የሚልበትን ቀን ሲጠብቁ ከረሙ።

እሑድ ዕለት ቢሰጥ ከዝርዝሩ ስም መጥራት ሲጀምር ከተቀመጡበት ተነሡ። ሻይ የሚያፈላልን የወሎው ከድሩ ውሃ ቢያቀርብላቸው አልተቀበሉትም። ወደ እኔ ዞረው፣ «ሣህሌ፣ የቀሩትን ልጆቼን ስም ለዚህ ሰው ነው የሰጠኸው?» አሉኝ።

በማግስቱ ነገሩ ሁሉ ፈጠራ መሆኑን፣ ቢሰጥ የሚባል ሰው እንደሌለ ቁጭ ብዬ አስረዳኋቸው፤ አላመኑኝም። መናገር በነበረብኝ ጊዜ ዝም ያልኩ ሰው ነኝና አልፈርድባቸውም። ልጆቹን ግን ከሰርዶ አሽሽተዋቸዋል፤ ወዴት እንደላኳቸው ለእኔም አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

ስለዚህ ጓድ ኃላፊ፣ ሌላውን ሁሉ ትተን የምንለምንዎ ያ ወረቀት እንዲመለስልን ብቻ ነው። ጠፍቶ ከሆነም መጥፋቱን በማኅተም ቢያረጋግጡልን፣ ይዤላቸው እሄዳለሁ። ያምኑኛል ብዬ አይደለም፤ ሌላ የማደርገው ስለሌለኝ ነው።

ለክፍልዎ ብዙ ፊልም፣ ለእኛም ብዙ ትዕግሥት የሚመኘው፣ ከመጻፍ በቀር አቅም የሌለው ታዛዥዎ፣
ሣህሌ
ዱብቲ፣ ታኅሣሥ 1980 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ወይዘሮ ሀምዳ ትናንት ለናስር ሰደቃ አወጡ፤ ሰው ተሰብስቦ ዱዓ አደረገለት። እስከ እሑድ ድረስ ልጄ ጠፋ እንጂ ሞተ ብለው አያውቁም ነበር። አሥር ዓመት ሙሉ ደጅ የጠኑባቸው መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ሊነግሯቸው ያልደፈሩትን እናንተ በአንድ ሰዓት ተኩል ስላስረዳችኋቸው፣ በእሳቸው ስም አመሰግናለሁ።