ሰማያዊው ካሴት

ሰኞ፣ ጥቅምት 4
ወንድሜ የላከልኝ ዕቃ ደረሰ። የክብሪት ቀፎ ታክላለች። ከድሮው ኮምፒውተራችን ጀርባ ትሰካለች፤ ውስጧ ባለው ካርድ ላይ የዚያን ዘመን ጨዋታ ሁሉ ተጭኗል። ድሮ አንድ ጨዋታ ከካሴት እስኪገባ ስንት ደቂቃ ሲጢጥታውን እንሰማ ነበር... አሁን ሁለት ሰከንድ። ቦርሳዬን እንኳ ሳላስቀምጥ፣ ዋሻ ውስጥ እየዘለለ ቁልፍ የሚለቅመውን ሰውዬ ተጫወትኩ። በአርባ አራት ዓመቴ! ሦስተኛው ክፍል ላይ ሞትኩ። ድሮም እዚያው ነበር የምሞተው።

አባባ ከሳሎን "ምንድነው የሚጮኸው?" አለ። ኮምፒውተሩ ነው አልኩት። ማን ምን እንደላከ አልነገርኩትም። በዚህ ቤት የወንድሜ ስም ካልተነሳ ሠላሳ አምስት ዓመቱ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9
ወንድሜ ደወለ። ዕቃዋ ካሴትም ወደ ካርድ ትገለብጣለች አለ። "የድሮዎቹን ሳይበላሹ ገልብጪያቸው።" ከዚያ እንደ ዘበት "ሰማያዊ ወረቀት የተለጠፈበትን ግን ተይው፤ ተበላሽቷል።" ቴሌቪዥን ጠጋኝ ሆኖ፣ ተበላሸ ብሎ የተወው ነገር አለ እንዴ?

የቱ እንደሆነ አውቃለሁ። እማዬ ታማ ሳለች ለአክስቴ ድምፅዋን የቀዳችበት ነው። ሳይላክ ሞተች። ሌላ የተቀዳ ድምፅ የላትም። በዓመቱ አባባ ሊሰማው ቢከፍተው ሲጢጥታ ብቻ። ጨዋታ ቀድተህበታል ብሎ ወንድሜን ያዘው። እሱም አንገቱን ደፍቶ "አዎ" አለ። ቀበቶው ትዝ ይለኛል። "ዓይንህን አልይ" ያለውም። ገና አሥራ አምስት ዓመቱ ነበር። አጎቴ ቤት ሄደ፣ በዚያው ቀረ። ለቅሶ ላይ ሲገናኙ እንኳ አባባ ፊቱን ያዞርበታል።

እሁድ፣ ጥቅምት 10
ገለበጥኩት። አልተበላሸም።

የተገዛ ጨዋታ አይደለም። ከመጽሐፍ እያየሁ የጻፍኳት፣ ቁጥር የምታስገምት ፕሮግራም ነች። የእኔ። መጀመሪያው መስመር ላይ ስሜ አለ፣ ከጎኑ "ዕድሜ 9"። ካሴቱ ባዶ መስሎኝ ቀድቼበት ይሆን? ከባዶዎቹ ጋር ተቀላቅሎ ነበር? ምንም አላስታውስም... ምንም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12
ለወንድሜ ደወልኩለት። "ታውቅ ነበር?" "ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር" አለ። "እናታችን ከሞተች ገና ዓመቷ። የእኔ ጀርባ ይችላል ብዬ ነው።"

ከዚያ በኋላስ? ይህን ሁሉ ዓመት?

"ኋላማ ለአባባ የቀረሽው አንቺ ብቻ ነሽ። አንቺንም ላሳጣው? እንዳትነግሪው።"

መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውሃውን ከፍቼ አለቀስኩ። እኔ በአባቴ ጉያ ስሞላቀቅ እሱ በሰው ቤት አደገ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13
ለአባባ ነገርኩት።

እሁድ፣ ጥቅምት 17
አራት ቀን አላናገረኝም። መድኃኒቱን ከእጄ ይቀበላል፣ ፊቴን አያይም። ይገባኛል... አይ፣ አልገባኝም፣ ከፋኝ እንጂ።

ከሰዓት በኋላ "ደውዪና ስልኩን ስጪኝ" አለ። ሰጥቼው ወጣሁ። በሩ ሳይዘጋ የሰማሁት "እኔ ነኝ... አባትህ" የሚለውን ብቻ ነው።

እሁድ፣ ጥቅምት 24
ወንድሜ መጣ። ከአባባ በላይ ሸብቷል። አባባ ሊነሳለት ሲታገል ወንድሜ ደግፎ አስቀመጠው። ምሳ ላቀርብ ኩሽና ገባሁ።

ይቅርታ ሲባባሉ አልሰማሁም። አባባ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። "የእናትህ ድምፅ እንዴት ነበር? አንተን ስረግም ኖሬ እኮ ጠፋብኝ።"

ወንድሜ ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ድምፁን ቀጠን አድርጎ፣ መጨረሻውን ሳብ እያደረገ "ሚጣዬ... የት ነሽ?" አለ። እማዬ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ብሎ የጠራኝ የለም።

ሳህን በእጄ እንደያዝኩ፣ ሳላስበው "አቤት፣ እማዬ" አልኩ።

ሳሎን ውስጥ አባባ ያለቅስ ጀመር።