ጽጌ፣ የአሁኑስ እውነትም ጋዝ ነበር

ውዷ ጽጌዬ፣

ከተለየሽን ሁለት ዓመት አለፈ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ልጽፍልሽ ተቀምጬ ከሰላምታው ሳላልፍ የተነሣሁበት ቀን ብዙ ነው። ጋዜጣው ላይ የሌላውን ሰው የሐዘን ዜና ስንት ዓመት ሙሉ ሳርም ኖሬ፣ ያንቺ ሲሆን አንድ መስመር አልሄድ አለኝ። ዛሬ ግን የምነግርሽ ወሬ አለኝ። ወሬውም የምሥራች ነው፤ ብትኖሪ ኖሮ ነጠላሽን አፍሽ ላይ አድርገሽ የምትስቂበት ዓይነት።

ጨጓራዬን አስቆረጥኩት።

አትደንግጪ፤ ሐኪም ነው የቆረጠው። አብዛኛውን አውጥቶ ከቀረው አንድ ቀጭን ከረጢት ሠራልኝ። "አንተ ጎተራ፣ በሩን ሰፋ አድርገን እናሠራው እንዴ?" ስትዪው የኖርሽው ባልሽ አሁን ግማሽ ሲኒ አጥሚት ጠጥቶ ጠገብኩ የሚል ሰው ሆኗል።

ሐዘን ሌላውን ሰው ያከሳል፤ እኔን አወፈረኝ። ገጹ ወደ ማተሚያ ቤት ሊሄድ ሲል ቆሜ የምጎርሰውን ታውቂዋለሽ። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ያንኑ አመል ቤት ይዤው መጣሁ። ጠረጴዛው ላይ ብቻዬን መቀመጥ ስለከበደኝ ወጥ ቤት ቆሜ እበላለሁ፤ መቼ እንደጠገብኩ አላውቀውም። ስኳር መጣብኝ፣ ጉልበቴ እምቢ አለ፣ ተኝቼ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ማለት ጀመረ። ሐኪሞቹ በልክ ብላ ሲሉኝ ሞከርኩ፤ መድኃኒቱንም ሞከርኩ። በመጨረሻ የቀረው ቀዶ ሕክምናው ነው አሉኝ።

ልጃችን ቤዛ አልሰማም አለች። አንቺ ካረፍሽ ጀምሮ የኪራይ ቤቷን ለቃ ቀበና ከኔ ጋር ነው የምትኖረው። "አባዬ፣ የቀረኝ ወላጅ አንድ ነው። እሱንም በገዛ እጄ ወስጄ ቢላ ሥር አላስተኛውም" አለችኝ። ወራት ፈጀብኝ እሷን ማሳመን። እሺ ያለችኝም ተኝቼ የትንፋሼን መቆራረጥ ከበር ወዲያ ቆማ ስትሰማ ስለከረመች ይመስለኛል።

ለምን እንደፈራች አንቺ ልታውቂው አትችዪም፤ እኔ ልንገርሽ። ካንቺ በኋላ በዚህ ቤት የማይነሣ ቃል አለ። የዚያን እሑድ ምሳ በልተን ሳንነሣ ከጎድንሽ ሥር ጀመረሽ፤ ወደ ግራ ትከሻሽ ወጣ። ትከሻሽን በእጅሽ ጫን ጫን እያደረግሽ "ጋዝ ነው፣ ያልፋል" አልሽን። እኛም አመንንሽ። እናትሽም እናቴም ከእምብርት በላይ ለሚሰማቸው ሕመም ሁሉ የነበራቸው ስም እሱ ነው። ልብሽ ነበር። ሐኪሙ በኋላ ብዙ ሰው እንዲህ እንደሚሳሳት ነገረን፤ ማንንም አልወቀሰም። ቤዛ ግን ቃሉን አልወቀሰችውም ማለት አልችልም። ከዚያ ወዲህ ጋዝ የሚል ሰው ፊት አትቆምም። የምድጃው እንኳ ሲያልቅ "ሲሊንደሩ አልቋል" ነው የምትለው።

እንግዲህ አስቢው፤ እንዲህ ያለችዋን ልጅ ይዤ ጋዝ ዋና ሥራው ወደሆነ ሕክምና ገባሁ።

ቀዶ ሕክምናው በትንንሽ ቀዳዳ ነው የሚሠራው። ስነቃ ቁስሉ ብዙም አልተሰማኝም፤ መነፋቱ ግን ሌላ ነው። ሆዴ ከበሮ ሆኗል። መገላበጥ አልችልም፤ ቀጥ ብዬ ስተኛ ደረቴ ላይ ይወጣል፣ ስቀመጥ ጎኔን ይወጥረዋል። አንዲት ጨዋ ሲስተር እየመጣች "ጋሼ፣ አየር ወጣልዎ?" ትለኛለች።

"እግዜር ይስጥልኝ፣ ጠዋት በረንዳው ላይ ወጥቼ ተቀብያለሁ" አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝና ሄደች። ተመልሳ መጣች፤ "አየርስ ጋሼ?" አለችኝ። "እንግዲህ ካላችሁ አሁንም ወጣ ብዬ እመለሳለሁ" አልኩ። ይህ ሆስፒታል እንዴት ነው ነፋሻ ቦታ የሚወደው እያልኩ ሸበጤን ስፈልግ፣ አጠገቤ የተቀመጠችው እትዬ አስካለ አላስቻላትም። ታላቅ እኅትሽ መቼም ታውቂያታለሽ፤ ድምፅዋን ዝቅ ማድረግ አልፈጠረባትም።

"ኧረ አንተ ሰውዬ! የሰፈሩን አየር አይደለም የምትጠይቅህ፤ ፈስህን ነው! ፈስህን!"

ክፍሉ ውስጥ የተኙት ሁሉ ሰሙ። ከጎኔ ያለው በሽተኛ ሆዱን በትራስ ደግፎ "እባካችሁ አታስቁኝ፣ ስፌቴ ይተረተራል!" እያለ ይለምናል። ሲስተሯ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ሪፖርተሮቼን "በጨዋነት የተሸፈነ ቃል አትጻፉልኝ፣ በስሙ ጥሩት" ስል የኖርኩት እኔ፣ የጨዋ ቃል ሲመጣብኝ በረንዳ ላይ ተገኘሁ።

ከዚያ በኋላ መድኃኒቱ መራመድ ነው ተባለ። ቤዛ ክንዴን ይዛ ኮሪደሩን ከዳር እዳር ታመላልሰኝ ጀመር። አንድ ጊዜ ከመስኮቱ ዘንድ ስንዞር ወጣ። ይቅርታ አድርጊልኝ፤ እኔና አንቺ ያን ሁሉ ዘመን በአንድ ጣራ ሥር ስንኖር እንዲህ ያለው ነገር ሲያመልጠን ድመቷን ነበር የምንከሳት። እዚህ ድመት የለም። ኮሪደሩም ያስተጋባል። እትዬ አስካለ ከክፍሉ ወጥታ እልልታዋን አቀለጠችው፤ "እንኳን ማርያም ማረችህ!" ብላ እንደ አራስ ጉንጬን ሳመችኝ። ቤዛ ስቃ ግድግዳውን ተደገፈች። ከጎኔ የነበረው ሰውም ከአልጋው ሆኖ "ወለደ እንዴ?" ሲል ሰማሁት።

እንደዚያ እየሳቅን ነው ቤት የገባነው። ሲያሰናብቱን ካከሙኝ አንዷ ሐኪም ደንቡን አንድ በአንድ ነገረችን፤ ትንሽ ትንሽ ፉት ማለት፣ አለመቸኮል፣ እያወሩ አለመዋጥ፣ በስትሮ አለመጠጣት፣ ለስላሳ አለመንካት። እትዬ አስካለ ልታስታምመኝ ልብሷን ይዛ መጣች። አጥሚቱን የምታቀጥነው እሷ፣ ትራሱን የምትደግፈው እሷ። ፌጦ በጥብጣ ልታጠጣኝ ስትል ቤዛ ደርሳ ወሰደችባት። "እናንተ የተማራችሁ ደግሞ ፌጦን ምን አደረጋችሁ?" ብላ አኮረፈች።

በማግስቱ ቤዛ መድኃኒት ልትገዛ ወጣች። እኔ እንደገና ተወጥሬ ተቀምጫለሁ። እትዬ አስካለ ፊቴን አይታ አዘነችልኝና ከሱቅ አንድ ጠርሙስ ባለጋዝ ውሃ አመጣች። "ጎንጨት በል፣ ያስገሳሃል፣ እፎይ ትላለህ" አለችኝ። አንቺም ብትሆኚ ይህንኑ ነበር የምታደርጊው፤ በሠርጉ በክርስትናው ሲበዛብን የምንጠጣው እሱን አይደል? የተከለከለው ለስላሳ ነው። ይሄ ደግሞ ውሃ ነው። ሁለታችንም ሌላ ነገር አላሰብንም። እየተጎነጨሁ "አይ እትዬ አስካለ፣ እድሜሽ ይርዘም" አልኳት።

ብዙም አልቆየ። ደረቴ ሥር እንደ ድንጋይ የሆነ ነገር ተሰነቀረ። መግሳት ፈልጌ አልወጣ አለኝ። ከዚያ ሕመሙ ወጣና ግራ ትከሻዬ ላይ ተቀመጠ። እጄ ሳላዘው ሄዶ ትከሻዬን ጫን ጫን ማድረግ ጀመረ። በሩ የተከፈተው ይኼኔ ነው። ቤዛ መድኃኒቱን እንደያዘች ቆማ አየችኝ። ምን እንዳየች አወቅኩ፤ አንቺን ነው ያየችው።

እትዬ አስካለ ልታጽናናት ብላ፣ ምንም ሳታስብ፣ "አይዞሽ ልጄ፣ ጋዝ ነው፣ ያልፋል" አለቻት።

ቤዛ አልጮኸችም። "ተነሥ አባዬ" ብቻ አለች። ድምፅዋ ከዚያ በፊት ሰምቼው የማላውቀው ነበር።

ከቀበና እስከ መገናኛ፣ ከመገናኛ ሆስፒታሉ እስካለበት ጉርድ ሾላ ያለውን መንገድ ስንት ጊዜ አብረን ተሰልፈንበታል። የዚያን ቀን መኪናው ሁሉ የተኛ መሰለኝ። ቤዛ ጥሩምባውን አትለቅም። እትዬ አስካለ ከኋላ "የእንጦጦዋ እመቤቴ፣ የእንጦጦዋ ማርያም፣ አንድ ጊዜ ወስደሻል፣ አሁንስ ተይልን" እያለች ትለማመናለች። ጽጌዬ፣ አንድ ነገር በግልጽ ልንገርሽ፤ ካንቺ መደበቅ አልለመድኩም። አንቺ ዘንድ ልመጣ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ደስ አላለኝም። ስትናፍቂኝ ውለሽ ስትናፍቂኝ የምታድሪ ሴት ነሽ። ግን ልጃችን መሪው ላይ ተደፍታ መንገድ ስትለምን አይቼ፣ መቅረት ፈለግሁ። እዚሁ መቅረት።

ሆስፒታል ስንደርስ ሳያስጠብቁ ተቀበሉን። የልብ ምርመራ ተደረገልኝ፣ ደም ሰጠሁ፣ ስፌቱ አፍስሶ እንደሆነ ለማየት ሌላ ምርመራ ገባሁ። ቤዛ ወንበር እያለ አልተቀመጠችም። ሐኪሟ ውጤቱን ይዛ ስትመጣ ልጅሽ ሁለት እርምጃ ቀድማ ሄዳ ተቀበለቻት።

"ልባቸው ደህና ነው" አለች ሐኪሟ። "ስፌቱም ደህና ነው። ጋዝ ነው።"

"ምን አልሽኝ?"

"ጋዝ ነው እኅቴ። ስንሠራ ሆዳቸውን በጋዝ ነፍተን ነው የምናየው። የተረፈው ወደ ላይ ሲሸሽ ሕመሙ ትከሻ ላይ ይሰማል፤ በጥቂት ቀን ውስጥ ሰውነት ራሱ ያወጣዋል። ግን የዛሬው በዛ። ምን ጠጥተው ነው?"

"ውሃ ነው የሰጠሁት" አለች እትዬ አስካለ።

"ምን ዓይነት ውሃ?"

"ያው ውሃ ነዋ። የሚፈላው።"

ሐኪሟ አፏን በእጇ ያዘች። "እማማ! ይቺን በምታህል ከረጢት ውስጥ ጠርሙስ ሙሉ ጋዝ?"

"ሙሉማ አይደለም፤ ግማሹን እኔ ነኝ የጠጣሁት!"

ሳቅን። ሲያመኝም ሳቅሁ። እትዬ አስካለ ራሷ ዘግይቶ ገብቷት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ሐኪሟ ግን ሳቋን ስትጨርስ ወደ ቤዛ ዞራ ቁም ነገሯን ተናገረች። "ይዘሻቸው መምጣትሽ ልክ ነው። ነገም እንዲህ ካመማቸው አምጪያቸው። ጋዝ ነው ማለት የኛ ሥራ ነው፤ የናንተ ሥራ መምጣት ነው።"

ቤዛ ይኼኔ ተቀመጠች። "ጋዝ ነው" አለች፣ ለራሷ፣ ቀስ ብላ፣ ቃሉን እንደምትቀምሰው ዓይነት። ደገመችው። ሦስተኛ ልትለው ስትል ሳቋ መጣ፤ ሳቋ ሳያልቅ ለቅሶው መጣ። ከአርባሽ ወዲህ እንዲያ ስታለቅስ አላየኋትም። እትዬ አስካለ ልታባብላት ስትነሣ ተያት አልኳት። ልቅሶው የፍርሃት አልነበረም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ደረቷ ላይ ተጭኖ የከረመ ነገር ሲወርድላት ነው ያየሁት።

አሁን ሳምንታት አልፈዋል። ትከሻዬ ሐኪሟ እንዳለችው በጥቂት ቀን ተወኝ። መነፋቱ አሁንም አልፎ አልፎ ይመጣል፣ በተለይ ስቸኩል። በሲኒ ፉት እላለሁ፣ ማንኪያዬን በየመሐሉ አስቀምጣለሁ፣ ቁጭ ብዬ ነው የምበላው። ከታች ወንዙ ዳር አዲስ የእግር መንገድ ተሠርቷል፤ ጠዋት ጠዋት እዚያ እወርዳለሁ፤ ሲወጥረኝ ሞቅ ያለ ነገር ሆዴ ላይ አድርጌ በጎኔ ጋደም እላለሁ። ሽሮ ገና አልተፈቀደልኝም። ሱሪዬ በቀበቶ ካልታሰረ አይቆምም። የቤቱን ጣራ ቀይረናል፤ የግቢው በር ግን አንቺ ያልወደድሽው አረንጓዴ እንደሆነ አለ።

የጻፍኩልሽ ግን ለዚህ አይደለም። እስከ ዛሬ እኔና ልጅሽ አንቺን ስናነሣ የምንጀምረው ከዚያች እሑድ ነበር። ከዚያች ቀን ወዲያ ማለፍ አንችልም፤ ስለዚህ ዝም እንላለን። ከሆስፒታል በተመለስን ምሽት ቤዛ እራት ላይ ተቀምጣ፣ እንዲያው ማንም ሳይጠይቃት፣ ልጅ ሆና እንጦጦ ወስደሻት ዝናብ የያዛችሁን ቀን አወራችልኝ። ጫማሽን አውልቀሽ በእጅሽ ይዘሽ፣ እሷን አዝለሽ፣ ጭቃው እያንሸራተተሽ እስከ ሽሮ ሜዳ እየሳቅሽ የወረድሽውን። እኔ ያን ቀን ቢሮ ነበርኩ፤ ይህን አላውቅም ነበር። በነጋታው ሌላ አወራችኝ። እኔም ተራዬን ስለ እጮኝነታችን ነገርኳት፤ ገሚሱን አላመነችኝም።

እንግዲህ ቃሌ ይኸው ነው ጽጌዬ። ማንኛችንም ብንታመም ሕመሙን ራሳችን ስም አናወጣለትም፤ ተነሥተን እንሄዳለን። አንቺን ደግሞ ከመጨረሻሽ ጀምረን አናስታውስሽም። ከሳቅሽበት እንጀምራለን። ቤዛ እያወራች ነው፤ እኔም ቁጭ ብዬ፣ ቀስ ብዬ እየበላሁ፣ እየሰማኋት ነው።

ያንቺው